ጅዳ ላይ ኮሚክ ለምትስል ልጅ

ልጄ፣ የክፍል ጓደኞችሽን እየሳልሽ የሚያስቅ ኮሚክ በተከታታይ ልታወጪ ማሰብሽን እናትሽ ነገረችኝ። ስትነግረኝ ግማሽ ፊቷ ኩራት፣ ግማሽ ፊቷ ስጋት ነበር። እኔ ስዕል አልችልም። ግን ጅዳ ማተሚያ ቤት ውስጥ አርጅቻለሁ፤ ሰው የሚያገላብጠውን ወረቀትና ሳያየው የሚጥለውን ወረቀት ለይቼ አውቃለሁ። እናትሽን ማረጋጋቴ ካልቀረ ለአንቺም የሚጠቅምሽን ልጻፍልሽ። ተራ ቁጥር የሰጠሁት "ጋሼ፣ የቱ ጋ ነው እንዲህ ያሉት?" እያልሽ እንድትሟገቺኝ ነው።

1. መጀመሪያ የዚህን ሥራ አባት እወቂ። የትምህርት ቤት ጓደኛሞች አስቂኝ ኮሚክ ሲነሳ ዓለም ቀድሞ የሚጠራው አርቺን ነው። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1941 በወጣው የ"ፔፕ ኮሚክስ" 22ኛ እትም ላይ ብቅ አለ። ያን ጊዜ መደርደሪያውን የሞሉት ክፉ ሰው የሚደበድቡ ጀግኖች ነበሩ፤ አርቺ ግን የሚደበድበው ሰው የለውም። ፊቱ ጠቃጠቆ ያለበት፣ ቀይ ጸጉር፣ ሁሉ ነገር የሚበላሽበት ተማሪ ነው። ጓደኞቹ ቤቲ፣ ቬሮኒካ፣ ጀግሄድና ሬጂ፤ ርእሰ መምህሩ ሚስተር ዌዘርቢ፣ መምህርቷ ሚስ ግራንዲ፣ ከተማቸው ሪቨርዴል። ሠዓሊው ቦብ ሞንታና ማሳቹሴትስ ውስጥ ሄቨርሂል በምትባል ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ሲማር የሚያየውን በማስታወሻ ደብተር ይጽፍና ይስል ነበር፤ ሪቨርዴል የተቀዳችው ከዚያ ትምህርት ቤት ነው። አንቺም ዛሬውኑ ደብተር ያዢ። የጠዋት ሰልፍ ላይ ቆማ ያንቀላፋችው ማን ናት? ካንቲን ጋ ተጋፍታ ደርሳ ሪያሏን ቤት የረሳችውስ? የሒሳብ የቤት ሥራ ከጓደኛዋ ስትገለብጥ ስሟን ጭምር የገለበጠችውስ? ስሟን ጭምር የሚለው ነው ቀልዱ፤ ያ ዝርዝር በማግስቱ ይረሳል፣ ስለዚህ ማታውኑ ጻፊው።

2. ይህ አገር ለኮሚክ ባዕድ እንዳይመስልሽ። መካ የተወለደው ባለቅኔ ጣሂር ዘመኽሸሪ፣ ልጆች "ባባ ጣሂር" የሚሉት፣ የሳዑዲን የመጀመሪያ የልጆች መጽሔት "አል-ረውዳ"ን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው፤ መጽሔቷ ብዙ አልቆየችም። በ1979 ከአቡ ዳቢ "ማጂድ" መጣ፤ በ1987 የሳዑዲው "ባሲም" ተከተለ። ጅዳ በፌብሩዋሪ 2017 በአገሪቱ የመጀመሪያውን ኮሚክ ኮን ስታዘጋጅ ሕዝቡ በሰልፍ ገባ፤ በ2021 ደግሞ "ማንጋ አረቢያ" ተጀመረ። ከሁሉ በላይ እንድታጠኚ የምፈልገው ማጂድን ነው። እዚያ ውስጥ "ካስላን ጂዳን"፣ በጣም ሰነፍ ማለት ነው፣ የሚባል ልጅ አለ፤ ስንፍናው ብቻውን ትውልድ አስቋል። ሌላ ጠባይ አላስፈለገውም። ለእያንዳንዷ ልጅ አንድ ጉድለት ስጪና እስከ መጨረሻ አትንጠቂያት። በዚያው መጽሔት "ፉዱሊ" የሚባል ትንሽ ሰውዬ ገጾቹ ውስጥ ይደበቅ ነበር፤ ልጆች እሱን ሲፈልጉ መጽሔቱን ከዳር እስከ ዳር ያገላብጡታል። እኔ በሥራዬ ዘመን ከዚህ የበለጠ የገበያ ብልሃት አላየሁም።

3. የአርቺን ጓደኝነት ውሰጂ፤ የፍቅሩን ጣጣ ተዪው። አንድ ወንድ በሁለት ሴቶች መካከል ሲዋልል የሚያስቀው ሁሉም በአንድ ክፍል ስለሚቀመጡ ነው። እናንተ ዘንድ የወንዶቹ ትምህርት ቤት ሌላ ግቢ፣ የሴቶቹ ሌላ ግቢ ነው። ይህ እንቅፋት አይሁንብሽ። ከክፍል ጓደኞችሽ አራት ሴቶች ይበቁሻል። የወንዶቹን ግቢ ወሬ የሚያመጣ አንድ ታናሽ ወንድም ጨምሪ፤ ወሬው ሁልጊዜ ግማሹ ውሸት ይሁን፣ እናንተም ታውቁት፣ ግን ሌላ ምንጭ ስለሌላችሁ ከምሳ በኋላ እሱን ከባችሁ ቁጭ በሉ።

4. ከሁሉ የሚከብድሽ ልብሱ ነው፤ እዚህ ላይ ልቆይ። ሪቨርዴል ውስጥ ሬጂን ከአርቺ በሸሚዙ ትለዪዋለሽ። ጅዳ ወንዶቹ ሁሉ ነጭ ሰውብ፣ ሴቶቹ ሁሉ አንድ ዓይነት የተማሪ ቀሚስ፣ መርዩል፣ ከበር ሲወጡ ደግሞ አብዛኞቹ ጥቁር ዓባያ። አራት ጥቁር ዓባያ በአንድ ሳጥን ውስጥ ስለሽ "የቷ ናት የተናገረችው?" ካስባልሽ ቀልድሽ ሞተ። ለነገሩ የአርቺ ሠዓሊዎችም ከዚህ አላመለጡም፤ ቤቲና ቬሮኒካ ፊታቸው አንድ ነው፣ ጸጉራቸውን ብትቀያይሪ ቤቲ ቬሮኒካ ትሆናለች። ጀግሄድን ግን በጨለማ ታውቂዋለሽ፤ ዘውድ የመሰለች ኮፍያው አለች፣ የተከደነ ዓይኑ አለ።

ስለዚህ ከታች ጀምሪ። ዓባያ ጫማ አይሸፍንም። አንዷ ተረከዙን የረገጠችው ስኒከር፣ አንዷ ማሰሪያው ሁልጊዜ የተፈታ፣ አንዷ ከታላቅ እህቷ የወረሰችው አንድ ቁጥር የሚበልጣት ጫማ። ከዚያ ቦርሳ፤ መጽሐፍ ሁሉ ተሸክማ የምትጎብጥና አንድ እስክሪብቶ ብቻ ይዛ የምትመጣ በአንድ ቡድን ይኑሩ። ከዚያ ቁመትና አካሄድ፤ ረጅሟ ሁልጊዜ ከሳጥኑ ጫፍ ጭንቅላቷ ይቆረጥ፣ እሷም ትማረር። ሲያልቅ አራቱንም በጥቁር ቀለም ሙዪያቸውና ጥላቸውን ብቻ ለታናሽ ወንድምሽ አሳዪው። በስማቸው ከጠራቸው ሥራሽ አልቋል። ካመነታ እንደገና ሳዪ።

5. መሰብሰቢያ ቦታ ያስፈልጋችኋል። የአርቺዎቹ ፖፕ ቴት የሚባል ሰውዬ የሚሠራበት ቤት ነበራቸው፤ ጀግሄድ ሃምበርገሩን እዚያ ይቆልል ነበር። ጅዳ ላይ ምርምር አያስፈልግም፤ አል-ባይክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 እዚሁ ጅዳ የተጀመረ ዶሮ ቤት ሆኖ የከተማው ልጅ ሁሉ የሚማልበት ሆኗል፤ የሪያድ ሰዎች ዓመታት ሙሉ ቅርንጫፍ አጥተው ሲቀኑ፣ ከጅዳ ሲመለሱ በሻንጣ ይዘው እስከ መሄድ ደርሰዋል። ቀልዱን ግን ሰልፉ ላይ ፈልጊው፤ ዶሮው ላይ አይደለም። ከአራቱ ገንዘብ የምትይዘው አንዷ ናት፤ ነጭ ሽንኩርት ስልሱን ተጨማሪ የምትጠይቀው ሌላዋ፤ ከፊት የቆመ ሰው ለሃያ ሰው ሲያዝ ዓይኗ የሚፈጠው ሦስተኛዋ። አራተኛዋ ጾም ላይ ናት፣ ክርስቲያን ስለሆነች የእሷ ጾም ከእናንተ ጾም ቀን አይገጥምም። ወሎዬ ስለሆንሽ ይህን ላስረዳሽ አልደክምም።

6. ከተማውን አትርሺ። ጅዳ አደባባይ ላይ ቤት የሚያህል ብስክሌት ያቆመች ከተማ ናት፤ "ሚዳን አል-ደራጃ" ይሉታል፣ ባለቤቱ አዳም ነው ብለው የሚያወሩም አሉ። አል-በለድ ውስጥ የእንጨት ሮሻን ያላቸው የጥንት ቤቶች አሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ዩኔስኮ መዝግቧቸዋል። ሮሻን ለኮሚክ የተፈጠረ መስኮት ነው፤ ከውስጥ ያለችው ታያለች፣ ውጭ ያለው አያያትም።

ዝናብንም ሳዪ። ጅዳ ደመና ባየች ቁጥር ትምህርት ይታገዳል፤ ማስታወቂያው ማታ እስኪወጣ ድረስ በየቤቱ ያለ ተማሪ ስልክ ላይ አፍጥጦ ይቆያል። ከ2020 ወዲህ "መድረሰቲ" የሚባለው የኢንተርኔት ትምህርት ስለመጣ ዕግዱ ሙሉ ዕረፍት መሆኑ ቀረ፤ ይህ ራሱ አንድ እትም ይወጣዋል። ግን ጎርፍ ላይ አትቀልጂ። በኖቬምበር 2009 ጎርፍ ጅዳ ላይ ከመቶ በላይ ሰው ወስዷል፤ ከጎረቤቶችሽ መካከል የዚያን ቀን ሐዘን የተቀመጠ ቤት አይጠፋም።

7. መካን ስትስዪ እጅሽን ረጋ አድርጊ። ከዕባና ሶላት የቀልድ ዕቃ አይደሉም፤ ይህን ስለምታውቂው አልደግመውም። ሆኖም መካ ልጆች የቤት ሥራ የሚረሱባት ከተማም ናት። በሐጅ ጊዜ ሚና ላይ ነጭ ድንኳን አገሩን ይሞላዋል፣ አንዱ ከአንዱ አይለይም፤ የስካውት ልጆች ካርታ ይዘው መንገድ የጠፋባቸውን ሐጃጆች ወደየድንኳናቸው ያደርሳሉ። አንድ የአጎት ልጅ ፍጠሪ፤ መካ ተወልዶ ያደገ፣ በሐጅ ሰሞን የናይጄሪያውንም የኢንዶኔዥያውንም አዛውንት ሳይሳሳት የሚያደርስ፤ ጅዳ ሲመጣ ግን የገበያ ማዕከል ውስጥ መጸዳጃ ቤት ፍለጋ ሦስት ገጽ የሚጠፋ። በእንዲህ ያለ ቀልድ የሚከፋው ሰው የለም።

ከአራቱ አንዷ ክርስቲያን ናት። ሙስሊም ያልሆነ ሰው መካ አይገባም፤ አውራ ጎዳናው ላይ ምልክት አለ፣ ኬላ አለ። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በሐረመይን ባቡር ከጅዳ መካ ቅርብ ሆኗል፤ ሦስቱ ሲሳፈሩ አንዷ ጣቢያው ላይ ትቀራለች። ይህን እንዳላየ ሆነሽ ካለፍሽው ጓደኝነቱ ውሸት ይሆናል። ሳዪው፤ ግን አታስለቅሺበት። ሦስቱ ከመካ ሆነው በየአሥር ደቂቃው ይደውሉላት፤ ስንት ሊትር ዘምዘም ይዘንልሽ እንምጣ እያሉ ይነታረኩላት። እሷ ደግሞ የሦስት ሰው ጫጫታ ቀርቶላት ለመጀመሪያ ጊዜ ጥግብ ብላ ትተኛ።

8. አፋቸውን እንደሚናገሩት ጻፊ። እናንተ "ያላ"፣ "ኻላስ"፣ "ወላሂ" ሳትሉ አንድ ዓረፍተ ነገር አትጨርሱም፤ መጽሐፍ አማርኛ ብታጎርሻቸው ዜና አንባቢ ይሆኑብሻል። አንድ ነገር ግን እከለክልሻለሁ፤ የእናቶችን የተሰባበረ ዓረብኛ ማሳቂያ አታድርጊው። ቤልጅጋዊው ኤርዤ እ.ኤ.አ. በ1958 ባወጣው የቲንቲን መጽሐፍ ውስጥ ወደ መካ የሚሄዱ አፍሪካውያን ሐጃጆች በመርከብ ተጭነው ለባርነት ሊሸጡ ሲሉ ይተርፋሉ። ሰውዬው የጻፈው ባርነትን ለመኮነን ነበር። ግን ለሐጃጆቹ የሰጣቸው አንደበት የተሰባበረ ፈረንሳይኛ ሆነና ተወቀሰበት፤ በኋላ እትም ላይ ንግግራቸውን አስተካከለ። ያንኑ ቀይ ባሕር የተሻገርነው እኛ ነን። በሰው ቤት ሠርታ ያሳደገችሽ ሴት በባለቤቶቿ ቋንቋ ስትደናቀፍ የሚስቅ ሰው ከፈለግሽ፣ ከእኔ ዘንድ አታገኚም። በራሳችሁ አማርኛ ግን ሳቂ! "አራት ነጥብ" ሲባል አራት ጊዜ ነጥብ የምታደርግ ልጅ ትኑርሽ።

9. ስለ ገጽ አቅጣጫ ማተሚያ ቤት ያስተማረኝን ልንገርሽ። ፊደላችን ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ ዓረብኛና የዓረብኛ ኮሚክ ከቀኝ ወደ ግራ። ጓደኞችሽ ቀን ሙሉ ዓረብኛ ሲያነቡ ስለሚውሉ ዓይናቸው መጀመሪያ የሚያርፈው ቀኝ ላይ ነው። ጎን ለጎን ሁለት ሳጥን ካደረግሽ መልሱን ከጥያቄው በፊት ያነቡታል፣ ቀልዱም ይከሽፋል። መፍትሔው ሳጥኖቹን ከላይ ወደ ታች መደርደር ነው፤ በአንድ ገጽ ሦስት፣ ቢበዛ አራት። ከላይ ወደ ታች ማንበብ በሁለቱም ቋንቋ አንድ ነው።

10. የሰው ስምና የሰው መልክ አትንኪ። መምህርትሽ የሚያስቅ ጠባይ ቢኖራትም ጠባዩን ከሁለት ሌሎች መምህራን ጋር ቀላቅለሽ አዲስ ሰው አድርጊው። ይህ ጨዋነት ብቻ አይደለም። የሳዑዲ የኤሌክትሮኒክ ወንጀሎች ሕግ፣ እ.ኤ.አ. የ2007ቱ፣ በስልክና በኢንተርኔት ሰውን ማዋረድን እስከ አንድ ዓመት እስርና እስከ 500 ሺህ ሪያል ይቀጣዋል፤ ሃይማኖትንና የሕዝብን ሞራል የሚነካ ነገር ማሰራጨትን ደግሞ እስከ አምስት ዓመትና እስከ 3 ሚሊዮን ሪያል። የእናትሽ ስጋት ከዚህ የመነጨ ነው፤ ትክክልም ናት። የልጆቹን ስም ቀይሪ፣ የትምህርት ቤቱን ስም አትጻፊ፣ በየስልኩ ከመበተንሽ በፊት አንድ ትልቅ ሰው ያንብበው። እኔ አለሁ።

11. አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። አርቺ ከሰማንያ ዓመት በላይ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ነው፤ አልተመረቀም፣ ጓደኞቹም ሪቨርዴልን ለቀው አልሄዱም። አሳታሚዎቹ አድጎ ለማየት ሲያምራቸው ሌላ ተከታታይ ከፍተውለት እ.ኤ.አ. በ2014 እዚያው ውስጥ ገደሉት፤ ዋናው አርቺ ግን ክፍሉ ውስጥ ቀረ። የዚህ ዓይነት ቀልድ የሚኖረው ሰዓቱ ስለቆመ ነው። ነገ ይህችው ልጅ ያንኑ ስህተት እንደምትደግም አንባቢው ያውቃል፣ ለዚያ ነው የሚመለሰው።

የእናንተ ሰዓት ግን በኢቃማ፣ በመኖሪያ ፈቃዱ፣ ነው የሚቆጠረው። ከጁላይ 2017 ጀምሮ የውጭ አገር ሠራተኛ ለእያንዳንዱ ጥገኛ በወር 100 ሪያል እንዲከፍል ተደረገ፤ በየዓመቱ መቶ መቶ እየጨመረ በ2020 በወር 400 ደረሰ። ሦስት ልጅ ያለው አባት ሚስቱን ሳይቆጥር በወር 1,200 ሪያል ማለት ነው። ብዙው ቤተሰቡን ላከ። ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ2013 ወረቀት ለሌላቸው የተሰጠው የምሕረት ጊዜ ካበቃ በኋላ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከዚህ አገር ተመልሰዋል። ክፍልሽ ውስጥ በየዓመቱ አንድ ወንበር ባዶ እንደሚሆን አንቺ ከእኔ የበለጠ ታውቂዋለሽ። እናትሽ እንዳለችኝ ከአራቱ የአንዷ ቤተሰብ "ኹሩጅ ኒሃኢ"፣ የመጨረሻ መውጫ፣ አስመትቷል።

ታዲያ እንዴት ይሳላል? ክፍሉን አታሳድጊው፤ እንደ አርቺ አንድ ክፍል ላይ ይቁም። የሄደችው ልጅ ግን ከኮሚኩ አትውጣ። በገጹ ጥግ አንድ ትንሽ ሳጥን ስጫት፤ ደሴም ትሁን አዲስ አበባ፣ በድምፅ መልእክት ትናገር። ቀልድ ትጀምርና ልትጨርስ ስትል ኔትወርክ ይቁረጣት። መጨረሻው በሚቀጥለው እትም ይድረስ። አንባቢው "ምን ብላ ነበር?" እያለ ሁለተኛውን እትም ይገዛል፤ ጅዳ ያሉት ሦስቱም መልሱን እርስ በርስ እየፈጠሩ ይከራከራሉ፣ ሁሉም ይሳሳታሉ። እዚያ ደግሞ በአዲሱ ክፍሏ ውስጥ "ወላሂ" ባለች ቁጥር የሚዞርባትን ዓይን ሳዪ። መለያየት ያለበት ኮሚክ ማልቀስ የለበትም። አብሽሪ፣ የሚያስቅ ነገር አታጪም።

12. ስለ ልዕለ ኃይል። ስለ እኛው አገር ጀግና ኤታን ኮሚክስ እ.ኤ.አ. በ2018 "ጀምበር"ን አውጥቷል፤ "ጥበብ ገርልስ" ደግሞ ልዩ ኃይል ያላቸው ሦስት ሴት ልጆች ናቸው። አንብቢያቸው፣ ደስ ይላሉ። የአንቺዎቹ ግን ኃይል አያስፈልጋቸውም። የቤት ሥራ መገልበጥ ከቻሉ በቂ ነው።

13. ኅትመት። አራት ኤ4 ወረቀት ሁለት ላይ ብታጥፊ ሽፋኑን ጨምሮ 16 ገጽ ይወጣሻል፤ የገጽ ቁጥርሽ ሁልጊዜ ለአራት የሚካፈል ይሁን፣ አለዚያ ባዶ ገጽ ይተርፍሻል። ቀለም አታብዢ፤ ጥቁርና ነጭ በፎቶ ኮፒ ዋጋውም ቀላል፣ ጥራቱም አይወርድም። በዳርና በእጥፉ በኩል አንድ አንድ ሳንቲ ሜትር ተዪ። ፊደል አታሳንሺ፤ "ጯ"ን እና "ሿ"ን የመሰሉት ቅጥያቸው ቀጭን ስለሆነ ሲባዙ ይደፈናሉ። መጀመሪያ ንግግሩን ጻፊ፣ ከዚያ ክቡን ዙሪያውን ሳዪ፤ አብዛኛው ጀማሪ ገልብጦ ነው የሚሠራው፣ ቃሉም መስመር ላይ ይወጣበታል። በእርሳስ የተሳለ ነገር ኮፒ ላይ በደንብ አይታይም፤ በቀለም እስክሪብቶ ድገሚው።

ጓደኛሽ የምትሄድበት ቀን ተቆርጧል፤ የመጀመሪያውን እትም ከዚያ በፊት አድርሺው። ሃምሳ ቅጂ የማባዣውን እኔ እችላለሁ፤ የመጀመሪያውን ቅጂ ግን ለእኔ ሳይሆን ለእሷ ስጫት፣ ሻንጣዋ ሳይዘጋ።